ሰላም ለዚህ ቤት፦ ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ

የደጋ ብርድ እንግዳ አይመርጥም። ጥር 22 ቀን 2012 ዓ.ም. አመሻሹ ላይ እንጅባራ መናኸሪያ ስወርድ ጥርሴ ይንገጫገጭ ነበር። ጋቢዬን ከቦርሳዬ ስመዝዝ አብሮት ተጎትቶ የወጣ ነገር መሬት ላይ ወደቀ። ሦስት ቋጠሮ ያለው ነጭ ገመድ ነው። ከአዲስ አበባ ጀምሮ አጠገቤ ተቀምጦ የመጣው ወጣት አንሥቶ አቧራውን አራገፈልኝና «የምን ገመድ ነው ጋሼ?» አለኝ። «የአደራ ነው» ብዬ ተቀበልኩት።

ገመዱ የፍራንቸስካውያን መታጠቂያ ነው። የአገራችን መነኮሳት ቅናት እንደሚታጠቁ ሁሉ የአሲዚው ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ልጆችም ወገባቸውን በገመድ ያስራሉ። ሦስቱ ቋጠሮዎች ሦስቱን ብፅዓቶች ያመለክታሉ፤ ድህነትን፣ ንጽሕናንና መታዘዝን። በወጣትነቴ አዲስ አበባ ውስጥ የፍራንቸስካውያን ወገን ከሆኑት ከካፑቺን ወንድሞች ጋር ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ። ኋላ ጥሪዬ ትዳር መሆኑን ተረድቼ ወጣሁ። የሸኙኝ አባ በር ላይ ቆመው ይህን ገመድ ሰጡኝና «ቤትህ ስቀለው። ከገዳም ወጣህ እንጂ ከጥሪ አልወጣህም» አሉኝ። ዛሬ አስተማሪ ነኝ፤ ልጆች አሳድጋለሁ። በዓለም እየኖሩ የፍራንቸስኮስን መንገድ በሚከተሉ ምእመናን ማኅበር ውስጥም አለሁ፤ ሦስተኛው ማኅበር የሚባለው ነው። የአባ ቃል ግን ለብዙ ዓመት አልገባኝም ነበር። ገዳም የሌለው፣ የገዳም ልብስም የማይለብስ ሰው ይህን ጥሪ በምን ይኖረዋል? ያውም በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ካቶሊኩ 0.7 በመቶ ብቻ በሆነበት አገር?

የጉዞዬ መድረሻ ጎንደር ነበር። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ሦስት ፍራንቸስካውያን የተገደሉበትን ስፍራ ማየት እፈልግ ነበር። እንጅባራ የሚያስተምር ወዳጄ ግን «በመንገድህ ነው፤ የፈረሰኞቹን በዓል ሳታይ እንዳታልፍ» ብሎ አስቆመኝ። ለጥያቄዬ መልስ ያገኘሁት ጎንደር ሳልደርስ፣ በዚሁ በአዊ አገው ምድር ነው።

በማግሥቱ ቅዳሜ፣ ጥር 23፣ የጊዮርጊስ ዕለት ነበር። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ስለሆነ የዚያ ቀኑ በዓል 80ኛው ነበር። ሜዳው ገና ከማለዳው ሞላ። ከአንከሻ፣ ከባንጃ፣ ከዚገም፣ ከጓንጓ በኩል ፈረሰኛው በቡድን በቡድን ይገባል። ፈረሶቹ ቀይና አረንጓዴ ግላስ ለብሰዋል። ግንባራቸው ላይ የተንጠለጠለው የክር ዘርፍ በሄዱ ቁጥር ይወዛወዛል፤ አንገታቸው ላይ ያለው ቃጭል ከሩቅ ይሰማል። አንድ ሽማግሌ ፈረሰኛ አጠገቤ ቆመው የፈረሳቸውን ልጓም ሲያስተካክሉ እጃቸውን አየሁት። ጣታቸው የገበሬ ጣት ነው፤ ወፍራምና ስንጥቅጥቅ ያለ። የፈረሱን ከንፈር ሲነኩ ግን የሕፃን ፊት የሚያብሱ ይመስላሉ። ከዚያ ጉግሱ ተጀመረ። መሬቱ ከእግሬ በታች ሲርድ ይሰማኝ ነበር።

ማኅበሩ የተቋቋመው በአድዋና በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን ከሰው ጋር አብረው ለተዋደቁት ፈረሶች መታሰቢያ ነው። የአድዋ ድል የተገኘው የካቲት 23፣ በጊዮርጊስ ዕለት ነውና በዓሉም ከጊዮርጊስ ጋር ተቆራኝቷል። አባላቱ በዓመት አንድ ቀን ለመጋለብ ብቻ አይሰባሰቡም። ሲጣሉ ይታረቁበታል፣ ሲያዝኑ ይጽናኑበታል። ይህን ሁሉ ወዳጄ ሲያስረዳኝ አንድ ነገር ከበደኝ። ይህ ሜዳ ጣልያንን የተዋጉ አባቶች የሚታሰቡበት ሜዳ ነው። እኔ ደግሞ ቦርሳዬ ውስጥ ከጣልያን አገር የመጣ ቅዱስ ገመድ ይዤ ቆሜያለሁ።

ከሰዓት በኋላ ከነዚያ ሽማግሌ ጋር ጠላ ቤት ተገናኘን። ወዳጄ «እንግዳዬ ነው፤ ካቶሊክ ነው» ብሎ አስተዋወቀኝ። ሽማግሌው ጣሳቸውን አስቀመጡና «የጣልያን ሃይማኖት?» አሉኝ። በድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ እንደ ተራ ነገር ነው የጠየቁኝ። እኔ ለዚህ ጥያቄ የተዘጋጀ ረጅም መልስ አለኝ። ቅዳሴያችን በግእዝ ነው፣ ጾማችን ይመሳሰላል፣ የራሳችን ጳጳሳትና ካህናት አሉን እያልኩ ልቀጥል አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ተውኩት። «ቅዱሱ ጣልያናዊ ነው አባቴ። እኔ ግን የዚህ አገር ልጅ ነኝ» አልኩ። አዩኝ። «ጊዮርጊስንስ ታከብራላችሁ?» አሉ። «እናከብራለን።» «እንግዲያው ጠጣ» ብለው ጣሳዬን በእጃቸው ሞሉልኝ።

ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ የሽማግሌውን ጥያቄ አሰብኩት። ጥያቄው ከጥላቻ የመጣ አይደለም። ታሪክ አለው፤ ታሪኩም ከዚያው ከእንጅባራ ብዙ አይርቅም። ከተራራው ማዶ ሰከላ ውስጥ ግሽ ዓባይ አለ። ኢየሱሳዊው ጴድሮ ፓኤዝ ከዐፄ ሱስንዮስ ጋር ሄዶ ያንን ምንጭ ያየው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 21 ቀን 1618 ነው። ፓኤዝ ልሳነ ንጉሥን አጥንቶ፣ ሕዝቡን አክብሮ የኖረ ሰው ነበር። ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1622 ካቶሊክነትን በይፋ ተቀበሉ፤ እሱም በዚያው ዓመት ሞተ። ተከትሎት የመጣው ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ ግን ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ካህናቱ እንደገና ይሾሙ፣ ሥርዓቱ ይለወጥ አለ። በንጉሥ ሰይፍ የተደገፈ ሃይማኖት ምን እንደሚያስከትል ይህች አገር በደሟ አየች። ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1632 የአባቶችን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ተዉ። እኔ ካቶሊክ ሆኜ ይህን ስጽፍ ለማንም ወገን ጠበቃ መቆም አልፈልግም። ቁስሉ እውነተኛ ነው፤ ያቆሰልነውም እኛ ነን።

የዚያን ዕዳ የከፈሉት ፍራንቸስካውያን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1638 ሁለት ፈረንሳውያን ካፑቺኖች፣ አባ አጋታንጄሎና አባ ካሲያኖ፣ ተይዘው ጎንደር ገቡ። ሞት ሲፈረድባቸው የተሰቀሉት በራሳቸው መታጠቂያ ገመድ ነው። ይህን በገዳም ሳለሁ መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ገመዴን ፈትቼ ለረጅም ጊዜ እጄ ላይ ይዤው ነበር። ከ78 ዓመት በኋላ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. መጋቢት 3 ቀን 1716፣ ሊበራቶ ቫይስ፣ ሳሙኤሌ ማርዞራቲና ሚኬሌ ፒዮ ፋሶሊ የተባሉ ሦስት ታናናሽ ወንድሞች እዚያው ጎንደር አቦ በተባለው ስፍራ በድንጋይ ተወግረው ሞቱ። ይወዷቸውና ይጠብቋቸው የነበሩት ዐፄ ዮስጦስ ከዙፋን ወርደው ነበር። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. ኅዳር 20 ቀን 1988 ሦስቱን ብፁዓን ብለው ሰየሟቸው።

«ታናናሽ ወንድሞች» የማኅበሩ ስም ነው። ፍራንቸስኮስ ተከታዮቹን ጌቶች፣ መምህራን ወይም ወታደሮች ብሎ አልጠራቸውም። እ.ኤ.አ. በ1219 የመስቀል ጦርነት ሲፋፋም ባዶ እጁን ወደ ግብፅ ሄዶ ሱልጣን ማሊክ አል ካሚልን በዳሚየታ አጠገብ አገኘው። ሱልጣኑም በሰላም ሸኘው። ፍራንቸስኮስ ከተመለሰ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1221 ባዘጋጀው ሕገ ማኅበር 16ኛ ምዕራፍ፣ በሌላ እምነት ሕዝብ መካከል የሚኖሩ ወንድሞች በሁለት መንገድ መኖር እንደሚችሉ ጻፈ። የመጀመሪያው ክርክርና ጭቅጭቅ ትቶ፣ ለእግዚአብሔር ብሎ ለሰው ሁሉ እየታዘዙ፣ ክርስቲያን መሆንን ብቻ ሳይደብቁ መኖር ነው። ሁለተኛው ቃሉን መስበክ ነው፤ እሱም እግዚአብሔር ሲፈቅድ። አስተውሉ፤ ኑሮው ቀደመ፣ ስብከቱ ተከተለ።

ስለ ዳሚየታ ሳስብ አንድ ነገር ልቤን ይነካዋል። ዳሚየታ ዓባይ ወደ ባሕር የሚገባበት ቦታ ነው። ፍራንቸስኮስ እዚያ በደረሰበት ወቅት፣ በክረምቱ መገባደጃ፣ ወንዙን የሚሞላው የእኛ ተራሮች ውሃ ነው። በዚያው በ13ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ በላስታ ዙፋን የተቀመጠው ቅዱስ ላሊበላ ከአገው ወገን ነው፤ የአዊ ሰዎችም ሰባቱ አባቶቻችን የመጡት ከዚያ ነው ብለው ይተርካሉ። ድሀው ፍራንቸስኮስና የአገው ንጉሥ በአንድ ዘመን ኖረው፣ አንዱ የሌላውን ወንዝ ጠጥቶ፣ ሳይተዋወቁ አልፈዋል።

እሑድ ማለዳ ወዳጄ ገና ተኝቶ ሳለ የቅዳሴ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ጥር 24፣ ተክለ ሃይማኖት ነው። ከመቆም ብዛት እግራቸው የተሰበረው ጻድቅ ስባረ አፅማቸው የሚታሰብበት ዕለት ነው። ነጠላዬን ለብሼ ድምፁን ተከትዬ ወጣሁ። ቤተ ክርስቲያኑ ያለው በጥንታዊ ዛፎች መካከል ነው። ጥዱ፣ ዝግባውና ወይራው እርስ በርሱ ተያይዞ ጣራውን ሸፍኖታል። ከቅጽሩ በር ውጭ አንድ ግንድ ተደግፌ ቆምኩ። አልገባሁም። ማንም አልከለከለኝም፤ ግን በሰው ቤት ሥርዓት አለ። ከውስጥ የሚመጣውን ግእዝ እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ዲያቆኑ ሲያዝ ልቤ ከሕዝቡ ቀድሞ ይመልሳል። ቃሉ አንድ፣ ዜማው የአንድ እናት ልጅ ነው። እኔና እነሱ ግን በአጥር ተለይተናል። በዚያ ብርድ ውስጥ ቆሜ እንባዬ መጣ።

ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ሲወጣ አንዲት አሮጊት ምርኩዛቸውን ተመርኩዘው አጠገቤ ቆሙ።

«ልጄ፣ ምነው ውጭ ቆምክ? ንስሐ ላይ ነህ?»

«አይደለም እማማ። እኔ ካቶሊክ ነኝ።»

ዝም አሉ። ፊቴን አዩት፤ ነጠላዬን አዩት። «ከየት ነው የመጣኸው?» አሉ።

«ከአዲስ አበባ።»

«እንግዲያው እንግዳ ነህ። እንግዳ በባዶ ሆዱ አይሄድም፤ ና ተከተለኝ።»

ቤታቸው ሩቅ አልነበረም። አጥሩም፣ የግድግዳው ማገርም ቀርከሃ ነው፤ ባንጃ የቀርከሃ አገር ነው። ከደጅ እንደ ወግ «ሰላም ለዚህ ቤት» ብዬ ገባሁ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ደነገጥኩ። ፍራንቸስኮስ ወንድሞቹን ወደ ማንም ቤት ሲገቡ አስቀድመው እንዲሉ ያዘዛቸው ይህንኑ የወንጌል ሰላምታ ነው። እኔ ገዳም ውስጥ እንደ ትልቅ ትምህርት የተማርኩትን ጎረቤት ከጎረቤት ስኳር ሊበደር ሲገባ ሁልጊዜ ይለዋል። ሕዝቡ ሳያስተውለው የፍራንቸስኮስን ሰላምታ ይኖረዋል ልል ቃጣኝ። እውነቱ ሌላ ነው። ወንጌሉ እዚህ አገር የገባው ፍራንቸስኮስ ሳይወለድ ነው።

እማማ መደቡ ላይ አጎዛ አንጥፈው አስቀመጡኝ። ትንሽ የልጅ ልጃቸውን በአውንጊ ቋንቋ አንድ ነገር አዘዟት። ልጅቱ በሰፌድ የገብስ ቆሎ፣ በሳህን የተቀቀለ ድንችና አዋዜ አመጣች። ጀበናው እሳት ላይ ተጣደ። የቀረበልኝን በላሁ። የቀረበላችሁን ብሉ የሚለው ትእዛዝም በወንድሞች ሕግ ውስጥ አለ፤ እኔ ግን ለብዙ ዓመት የረሃብተኛ መነኩሴ ፈቃድ ብቻ ይመስለኝ ነበር። እዚያ መደብ ላይ ሆኜ ሌላ ነገር አየሁበት። ለመስጠት የሚመጣ ሰው ከፍ ብሎ ይቆማል። ለመቀበል የሚመጣ ግን ቁጭ ይላል፤ እጁን ይታጠባል፤ ባለቤቱ እስኪባርክ ይጠብቃል። ታናሽ ወንድም የሚሆነው ያኔ ነው።

እጄን ከኪሴ ሳወጣ ገመዱ ብቅ አለ። ጠዋት ለጸሎት ይዤው ወጥቼ ነበር። ልጅቱ አይኗ አረፈበት። አንገቷ ላይ ያለውን ጥቁር ማተብ በጣቷ ይዛ፣ የእኔን ገመድ አየችና «የአንተ ማተብ ትልቅ ነው» አለችኝ። ሁላችንም ሳቅን። እማማ «እስቲ አምጣው» ብለው ተቀበሉኝ። ዓይናቸው ደክሟል መሰለኝ ገመዱን በጣታቸው ዳሰሱት። የመጀመሪያውን ቋጠሮ ሲያገኙ «አብ» አሉ። ሁለተኛውን ሲያገኙ «ወልድ» አሉ። ሦስተኛው ላይ ደርሰው «መንፈስ ቅዱስ» ብለው ሳሙትና መለሱልኝ።

ድህነት፣ ንጽሕናና መታዘዝ ነው ልል እችል ነበር። አላልኩም። ላስተካክላቸው የምችለው ስሕተት አልነበረም። ሦስቱ ብፅዓቶች መነሻቸው እሳቸው የጠሩት ስም ነው፤ እኔ ስለ ብፅዓቶቹ ስከራከር ስሙን የረሳሁበት ጊዜ ግን ብዙ ነው። ያን ጊዜ አባ በር ላይ የነገሩኝ ነገር ገባኝ። ጥሪ ገመዱን መታጠቅ ሳይሆን፣ ገመዱን ለሌላ ሰው ጣት አሳልፎ መስጠት ነው።

ስነሣ ጥቂት ብር አጣጥፌ መደቡ ላይ ላስቀምጥ ስል እማማ እጄን ያዙኝ። «እንግዳ ይከፍላል እንዴ ልጄ?» አሉ። ብሩን መለስኩት። ድህነትን ብፅዓት ላድርግ ብዬ ሁለት ዓመት ብማርም፣ ገንዘብ የያዘው ሰው እኔ ነበርኩ። እሳቸው በድህነታቸው አስተናገዱኝ።

ሰኞ ጠዋት ወደ ዳንግላ ተነሣሁ። ከእንጅባራ ዳንግላ ያለው መንገድ አዲስ ቅዳምን ያቋርጣል። ከግራም ከቀኝም ዲከረንስ ነው፤ ቅጠሉ እንደ ላባ የረቀቀ፣ ቀጥ ብሎ የሚያድግ ከውጭ አገር የመጣ የግራር ዘር። የፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬ ይህን ዛፍ በደከመ መሬቱ ላይ ይተክላል፤ በአራት በአምስት ዓመቱ ቆርጦ ከሰል ያደርገዋል። መንገድ ዳር በመደዳ የቆሙት የከሰል ማዳበሪያዎች አፋቸው በቅጠል ተደፍኖ በገመድ ተጠልፏል። ሾፌሩ ቆሞ ሁለት ሲጭን ወርጄ አንዱን ነካሁት። ገና ሙቀት ያለው ይመስላል። የሚሸጠው ወጣት እጁ እስከ ክንዱ ጠቁሯል። «ይህ ዛፍ ነው ቤት ያሠራን። አሁን ግን በሽታ ገባበት፤ ቅጠሉ ይደርቃል» አለኝ።

ፍራንቸስኮስ ሊሞት አንድ ዓመት ገደማ ሲቀረው ዓይኑ ታውሮ፣ በሕመም ተይዞ ሳለ ፀሐይን ወንድሜ፣ ውሃን እህቴ፣ ምድርን እናታችን እያለ ፈጣሪውን ያመሰገነበትን መዝሙር ደረሰ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም ስለ ምድር ጥበቃ እ.ኤ.አ. በ2015 ላወጡት መልእክት ርእሱን ከዚያ መዝሙር ወስደዋል። እኔ በዚህ እኮራ ነበር፤ ፍጥረትን መውደድ የእኛ የፍራንቸስካውያን ድርሻ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ከመኪናው መስኮት ሳይ፣ በዚያ ሁሉ አንድ ዓይነት ዛፍ መካከል ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ጉብታ ጉብታው ላይ የሚታየው ደን የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። የአገሩ ጥድ፣ የአገሩ ዝግባ፣ የአገሩ ወይራ የተረፈው እዚያ ነው። ፍራንቸስኮስ የዘመረውን የጎጃም ካህናትና ምእመናን ቅጽር አጥረው፣ በግዝት ጠብቀውታል። እሑድ የተደገፍኩት ግንድ ከዚያ ደን ነበር። ለዚህ ደን አዲስ ስብከት ይዞ የሚመጣ ፍራንቸስካዊ አያስፈልግም። ችግኝ ተሸክሞ፣ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ከሰል ሻጩ ወጣት ሌላ ገቢ እንዲያገኝ አብሮ የሚያስብ ጎረቤት ግን ያስፈልጋል።

ዳንግላ ምሳ ሰዓት ላይ ደረስኩ። ሞቅ ያለች የንግድ ከተማ ናት። ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው መኪና እስኪሞላ ድረስ በእግሬ ዞርኩ። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሻለቃ ቺዝማን የኖረው እዚህ ነው። ከዚህ እየተነሣ ዓባይን ተከትሎ ተጉዟል፤ ካርታ አንሥቷል፤ ጣናን ዞሯል። ከእሱ በኋላ የጣልያን ጦር መጣ። እ.ኤ.አ. በ1941 ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱና አርበኞቹ፣ ከእንግሊዞቹ የጌዴዎን ጦር ጋር ሆነው፣ በበላያ አድርገው በዚህ ምድር ገቡ። ይህ አገር ብዙ እንግዳ አስተናግዷል። አንዱ በካርታ መጣ፣ አንዱ በመድፍ መጣ፣ ከዚያ ቀደም ያለው በክርክር መጣ።

በባዶ እጁ ያለፈም ነበር። ካፑቺኑ ጳጳስ ጉሌልሞ ማሳያ፣ አገሬው አባ መሲያስ ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1852 የነጋዴ ልብስ ለብሶ በጎጃም አልፎ፣ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጉዱሩ ኦሮሞ ገባ። አራት ጊዜ ተሰደደ፤ እ.ኤ.አ. በ1879 ዐፄ ዮሐንስ ለመጨረሻ ጊዜ ከአገር አስወጡት። የኦሮሞ ሕዝብ ግን አባ መሲያስን የሚያስታውሰው ስለ ሃይማኖት ክርክሩ አይደለም። ፈንጣጣ የሚከትብ ሰው ስለነበረ ነው። ቤት ለቤት እየዞረ፣ የሕፃናትን ክንድ በእጁ ይዞ ከተበ። ጳጳስ ሆኖ መጥቶ እንደ ሐኪም ቤት አገልጋይ ኖረ። ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1884 ካርዲናል ስታደርገው ሸምግሎ፣ ከኢትዮጵያ ርቆ ነበር።

ዛሬም ይህን መንገድ የሚሄዱ አሉ። ከእንጅባራ በቻግኒ በኩል ወደ መተከል የሚወርደው መንገድ ማንዱራና ግልገል በለስ ያደርሳል፤ እዚያ የኮምቦኒ ማኅበር ካህናትና እኅቶች ከጉሙዝ ሕዝብ ጋር ይኖራሉ። ፍራንቸስካውያን አይደሉም፤ ኑሯቸው ግን ያንኑ ይመስላል። ሕፃናት ያስተምራሉ፤ በሽተኛ ይረዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 የባሕር ዳር ደሴ ካቶሊክ ሀገረ ስብከት ሲቋቋም ይህ ሰፊ ምድር የራሱን ጳጳስ አገኘ። ሀገረ ስብከቱ ሰፊ ነው፤ መንጋው ጥቂት ነው። ብዙዎች ይህን እንደ ድክመት ያዩታል። እኔም ከእንጅባራ በፊት እንደዚያ አየው ነበር።

አሁን ጥቂትነታችን ጸጋ ሆኖ ይታየኛል። ብዙ የሆነ ሰው ጎረቤቱን ሳያስፈልገው መኖር ይችላል። ጥቂት የሆነ ግን ዕድሩም፣ ለቅሶውም፣ ሠርጉም ከሌላው ጋር ነው። የማንንም ዙፋን ሳንደገፍ፣ ማንንም ሳናስፈራራ፣ በሰው መደብ ላይ ተቀምጠን እንድንኖር ተፈርዶልናል። ፍራንቸስኮስ ወንድሞቹን ታናናሽ ያላቸው ለዚህ ነው። ሱስንዮስ በአዋጅ ሊያደርጉ ያልቻሉትን፣ ሜንዴዝ በትእዛዝ ያበላሸውን፣ አንዲት የእንጅባራ እናት ሦስት ቋጠሮ በመዳሰስ አደረጉት። ያኔ በአንድ መደብ ላይ፣ በአንድ ስም አንድ ሆነን ነበር።

ጎንደር ማክሰኞ ደረስኩ። ወደ አቦ ሄጄ ቆምኩ። ለእነዚያ ሦስት ወንድሞች ጸለይኩ፤ ድንጋይ ላነሡትም ጸለይኩ። አቡነ ዘበሰማያትን ስደግም አጠገቤ የቆመ ሰው ድምፁን ከእኔ ጋር አስተካክሎ ደገመ። ማን እንደሆንኩ አልጠየቀኝም።

ገመዱ ዛሬ ሳሎናችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ልጆቼ ቋጠሮዎቹ ምን እንደሆኑ ሲጠይቁኝ ሁለቱንም መልስ እነግራቸዋለሁ፤ መጀመሪያ ግን የእማማን። ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ካረፈ እ.ኤ.አ. በ2026 800 ዓመት ይሞላዋል፤ በየአገሩ ያሉ ልጆቹ በዓሉን ያስባሉ። በዚህ አገር የምንኖር ካቶሊኮች በዓሉን ልናከብር ብንፈልግ ትልቅ አዳራሽ አያስፈልገንም። ለቅሶ የተቀመጠ ጎረቤት ጋ እንሂድ፤ ከደጅ ቆመን ሰላም ለዚህ ቤት እንበል፤ የቀረበልንን እንብላ። ማን እንደሆንን ሲጠይቁን አንደብቅ፤ ለክርክር ግን አንቀመጥ። ኦርቶዶክሳዊ ወንድሜና እኅቴ ሆይ፣ እናንተም በእሑድ ማለዳ ከቅጽሩ ውጭ ግንድ ተደግፎ የቆመ ሰው ብታዩ፣ እባካችሁ ቀርባችሁ ጠይቁት። ምናልባት ቅዳሴውን በልቡ እየመለሰ ይሆናል።